በስልቻ የተቋጠረ መዝሙር

በቀብር ላይ በባግፓይፕ የተነፋ መዝሙር የሰማ ሰው፣ ሃይማኖቱ ምንም ይሁን አገሩ የትም ይሁን፣ እጅግ ያረጀ ነገር የሰማ ይመስለዋል። ድምፁ ከተራራና ከጭጋግ፣ ከጥንት ነገሥታት ዘመን የመጣ ያህል ይሰማዋል፤ እንባውም ሳይጠራ ይመጣል። እንባው እውነተኛ ነው፤ ጥንታዊነቱ ግን ግማሽ እውነት ነው። መሣሪያው በርግጥ አሮጌ ነው። መዝሙሩም ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ሁለቱ ተገናኝተው ዓለም በአንድነት የሚያለቅስበት ዜማ የሆኑት ግን እኛ ወይም ወላጆቻችን በሕይወት እያለን ነው፤ በ1972። (የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ ካልተገለጸ በቀር ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከመገናኘታቸው በፊት እያንዳንዳቸው ምን ተሸክመው ነበር? ሲገናኙስ ምን ወደቀባቸው? ታሪኩ የስኮትላንድ ነው። ጫፉ ግን መቅደላ ድረስ ስለሚዘልቅ እኛም ከወራሾቹ እንቆጠራለን።

ከመሣሪያው እንጀምር። የስኮትላንድ ደጋ ባግፓይፕ ለዓይን የተወሳሰበ አይደለም፤ አንድ ስልቻ፣ አንድ መንፊያ፣ አንድ የዜማ ቧንቧ፣ ትከሻ ላይ የሚጋደሙ ሦስት አጃቢ ቧንቧዎች ናቸው። ስልቻው ድሮ የበግ ወይም የከብት ቆዳ ነበር፤ ዛሬ ብዙው ሰው ሠራሽ ነው። የአንጥረኛ ወናፍ ያየ ሰው አሠራሩ ወዲያው ይገባዋል። ነፊው ስልቻውን በአፉ ይሞላል፣ በክንዱ ይጫናል፤ አየር ለመሳብ አፉን ሲያላቅቅ ክንዱ ሥራውን ይቀጥላል። ስለዚህ ድምፁ አይቋረጥም። ዋሽንትም መለከትም፣ የሰው ጉሮሮም ጭምር፣ ለትንፋሽ ያቆማሉ፤ ባግፓይፕ አያቆምም። ጮክ ማለትም ዝቅ ማለትም አያውቅም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጉልበቱ አንድ ልክ ነው። ዜማው የሚወጣው በዘጠኝ ድምፅ ብቻ ነው። ዝምታ ስለሌለው አንዱን ድምፅ ሁለት ጊዜ ማሰማት ቢፈልግ በመካከል ሌላ ድምፅ በጣቱ ለቅጽበት ነክቶ ማለፍ አለበት። በስኮትላንድ ዜማዎች ውስጥ የምንሰማቸው እነዚያ ፈጣን ንክኪዎች ጌጥ ብቻ አይደሉም፤ በዝምታ ቦታ የገቡ ናቸው።

ነፊው ከመጀመሩ በፊት የሚያደርገውን ማየት ብዙ ያስተምራል። ስልቻውን በመዳፉ መታ ያደርገዋል፤ ሦስቱ አጃቢዎች ማጉረምረም ይጀምራሉ። እጁን ወደ ትከሻው ሰድዶ የአንዱን ቧንቧ ጫፍ በጥቂቱ ያወጣል ወይም ያስገባል። ሁለት ድምፆች በጥቂት ሲለያዩ በመካከላቸው የሚርገበገብ ሞገድ ይፈጠራል፤ ቧንቧው ወደ ትክክለኛው ቦታ ሲቃረብ ርግብግብታው እየዘገየ ሄዶ ይጠፋል። ያን ጊዜ ሦስቱ ቧንቧዎች እንደ አንድ ይሆናሉ። የዜማው ቧንቧም የሚቃኘው በፒያኖ ሳይሆን በእነርሱ ነው። በጭፈራና በሰልፍ ዜማ ጣቶች ስለሚሮጡ ይህ ስምምነት ብዙም አይታወቅም። መዝሙር ግን ረጋ ያለ ነው። እያንዳንዱ ድምፅ ከሥሩ ከሚያጉረመርመው ድምፅ ጋር ለመግጠም ጊዜ ያገኛል፤ አየሩ ራሱ የሚንቀጠቀጥ ይመስላል። ስለ ሰው እንባ ብዙ የተጻፈ ነገር አለ፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ቀላል የድምፅ ሕግ አስቀምጣለሁ።

ሐዘን ለዚህ መሣሪያ እንግዳ አልነበረም። በስካይ ደሴት የማክሪመን ቤተሰብ ለደንቬገን ባላባቶች ለማክላውዶች በዘር የሚተላለፍ የነፊነት ሥልጣን ነበረው። እነዚህ ሊቃውንት ፒብሮክ የሚባለውን ረዥም ዜማ ይደርሱና ያስተምሩ ነበር፤ መነሻ ዜማው በዝግታ ይሰማል፣ ዙር በዙር እየተወሳሰበ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ወደ መነሻው ይመለሳል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ለሞተ ባላባት ወይም ለሞተ ወዳጅ የወጡ ሙሾዎች ናቸው። ትምህርቱ በጽሑፍ አልነበረም። መምህሩ ዜማውን በተወሰኑ ክፍለ ቃላት እያዜመ ይነግራል፣ ተማሪው በቃሉ ያጠናል፤ ከአብነት ትምህርት ቤት ደጃፍ ያለፈ አንባቢ እዚህ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከሙሾዎቹ አንዱ እስከ ዛሬ የራሱ ሕግ አለው። በመስከረም 1513 በፍሎደን ጦርነት ንጉሥ ጄምስ አራተኛ ከብዙ ሺህ ስኮትላንዳውያን ጋር ወደቀ። የዚያ ቀን መታሰቢያ የሆነውን የጫካው አበቦች የሚባለውን ዜማ ነፊዎች በአደባባይ የሚነፉት ለቀብር ወይም ለሙታን መታሰቢያ ብቻ ነው። ለልምምድ ካልሆነ በቀር ለጨዋታ፣ ለሠርግ፣ ለውድድር አይወጣም። አንድ ማኅበረሰብ አንዱን ዜማ ከገበያ ለይቶ ለሐዘኑ ብቻ ማስቀመጡን ከመሣሪያው ሁሉ ይበልጥ አደንቃለሁ። ኋላ እንደምናየው ይህ ቁጥብነት ለመዝሙሮቹ አልተረፈም።

ሚያዝያ 16 ቀን 1746 በኩሎደን ሜዳ የደጋው ጦር በብሪታንያ መንግሥት ጦር ተሸነፈ። ከምርኮኞቹ መካከል ጄምስ ሪድ የሚባል ነፊ ነበር። ዮርክ ከተማ ለፍርድ ሲቀርብ መሣሪያ አልያዝኩም፣ የያዝኩት ባግፓይፕ ብቻ ነው ቢል፣ ፍርድ ቤቱ የደጋ ሰው ያለ ነፊ ለጦርነት ወጥቶ አያውቅም፣ ስለዚህ ባግፓይፕ የጦር መሣሪያ ነው ብሎ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ በስቅላት ቀጣው። ከዚህ ተነሥቶ መንግሥት ባግፓይፕን በሕግ ከለከለ የሚል ታሪክ በየመጽሐፉ ይገኛል። ሕጉን ያነበበ ግን ይህን አያገኝም። የ1746ቱ ሕግ ትጥቅንና የደጋውን ልብስ ከለከለ እንጂ ስለ ባግፓይፕ አንድም ቃል የለውም። የሆነው ከክልከላ ይልቅ የሚገርም ነው። ያው መንግሥት የደጋውን ወጣት በሬጅመንት እየመለመለ፣ ከነፊው ጋር ወደ አሜሪካ፣ ወደ ሕንድ፣ ወደ አፍሪካ ላከው። የተሸናፊው ድምፅ አንድ ትውልድ ሳይሞላ የአሸናፊው ሰልፍ ማድመቂያ ሆነ። ይህ ነገር በታሪክ ደጋግሞ የሚመጣ ነው፤ ግዛት የሚገነባ ኃይል የገዛውን ሕዝብ ከበሮ ሰብሮ መጣል አይፈልግም፣ ከሰልፉ ፊት ያሰልፈዋል።

በ1773 ሁለት ነገሮች፣ አንዱ ሌላውን ሳያውቅ፣ ሆኑ። በክረምቱ ሄክተር የምትባል መርከብ ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ የደጋ ስደተኞችን ይዛ ከስኮትላንድ ተነሣች፤ በመስከረም ኖቫ ስኮሺያ ውስጥ ፒክቱ ደረሰች። የመርከብ ኪራይ የሌለው አንድ ነፊ ተሳፋሪዎቹ ከራሽናችን እናካፍለዋለን ብለው አብሯቸው እንደተሻገረ ይተረካል። የካናዳና የአሜሪካ የባግፓይፕ ታሪክ ከእንዲህ ያሉ ጉዞዎች ይጀምራል። ሁለተኛው ነገር የሆነው በዚያው ዓመት የመጀመሪያ ቀን ነው። ኦልኒ በምትባል ትንሽ የእንግሊዝ ከተማ ጆን ኒውተን የሚባል ካህን በአንደኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 17 ላይ ለሰበከው የአዲስ ዓመት ስብከት ማጀቢያ አንድ ግጥም አዘጋጀ። አሜዚንግ ግሬስ እያልን የምንጠራው ነው። በ1779 ኒውተን ከባለቅኔው ዊልያም ኩፐር ጋር ባሳተመው የኦልኒ መዝሙሮች መጽሐፍ ውስጥ ወጣ፤ ያን ጊዜ ማንም ልብ አላለውም።

ኒውተን ማን ነበር? ሕዝብ የሚያውቀው ታሪክ አጭርና ጣፋጭ ነው፤ የባሪያ መርከብ አለቃ ነበር፣ ማዕበል መጣበት፣ ንስሐ ገባ፣ ባሪያዎቹን ትቶ መዝሙሩን ጻፈ ይባላል። እውነቱ ይህን ያህል አይቸኩልም። ኒውተን የተሳፈረባትን ግሬይሃውንድ የምትባለውን መርከብ ማዕበል የመታት በመጋቢት 1748 ነው። ኒውተን የባሪያ መርከብ አለቃ የሆነው ግን ከዚያ ወዲህ፣ ከ1750 ጀምሮ ነው። የመጀመሪያዋ መርከቡ ስሟ ዱክ ኦፍ አርጋይል ነበር፤ በስኮትላንድ ታላላቅ መሳፍንት ማዕረግ የተሰየመች መሆኗ ነው። ንግዱን በ1754 የተወውም ሕሊናው ወቅሶት ሳይሆን በድንገት ታሞ ነው። ቀሰሰ፣ ሰበከ፣ መዝሙር ጻፈ። ስለ ባሪያ ንግድ በአደባባይ የተናገረውና ያፈረበትን ሥራ በዝርዝር ያሳተመው በ1788 ነው። ጸጋው በአንድ ሌሊት መጥቶ ይሆናል፤ ሕሊናው ግን አርባ ዓመት ፈጀበት። የብሪታንያ ፓርላማ ንግዱን በ1807 ሲከለክል ኒውተን በሕይወት ነበር፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ሞተ። ለእኛ ለወራሾቹ ከዚህ ታሪክ የጠፋብን ይህ ዝግታ ነው።

ግጥሙ ዛሬ የምናውቀውን ዜማ ያገኘው አሜሪካ ውስጥ ነው። በ1835 የደቡብ ካሮላይናው ዊልያም ዎከር ሳውዘርን ሃርመኒ በተባለው የመዝሙር መጽሐፉ ሁለቱን አጣመረ። የዜማው ደራሲ አይታወቅም። ጥቁር አሜሪካውያን መዝሙሩን ተቀብለው የራሳቸው አደረጉት፤ ኒውተን ያልጻፈው አንድ አንጓ በ1852 በወጣው የአጎቴ ቶም ጎጆ ውስጥ ተካትቶ ኋላ ከመዝሙሩ ጋር ተሰፋ። የባሪያ ነጋዴው ቃል የባሪያዎቹ ልጆች ጸሎት ሆነ። ስለ ዜማውም አንድ ነገር ላንሣ፤ የሚሄደው በአምስት ድምፆች ብቻ ነው። እነዚያ አምስት ድምፆች በእኛ ቅኝት ቢቆጠሩ ትዝታ ሜጀር ናቸው። ሐበሻ ይህን መዝሙር መጀመሪያ ሲሰማ የሚያውቀው የሚመስለው በአጋጣሚ አይደለም። ለባግፓይፕም ይኸው ምክንያት ይሠራል፤ ከታች እስከ ላይ በዘጠኙ ድምፆች ውስጥ ምንም ሳይጎድልበት ይገባል። ብዙ የታወቁ መዝሙሮች ይህ ዕድል የላቸውም፤ ከፍ ያለው ድምፅ ዝቅ ይደረጋል፣ ግማሽ ድምፁ ይዘለላል፣ ዜማውም ጠማማ ሆኖ ይወጣል።

ይሁንና ሁለቱ ለመገናኘት ገና ሩቅ ነበሩ። በስኮትላንድ መዝሙርና ባግፓይፕ ለረዥም ዘመን ተኳርፈው ኖረዋል። ተሐድሶው በ1560 ከገባ በኋላ የአገሪቱ ቤተ ክርስቲያን በአምልኮ ላይ መሣሪያ አልፈቀደችም። ምእመናን በዋናነት የሚዘምሩት በ1650 የታተመውን፣ በግጥም የተዘጋጀውን መዝሙረ ዳዊት ነበር፤ ያለ ምንም አጃቢ። በሰሜን ምዕራብ ደሴቶች ዛሬም አንድ መሪ መስመሩን ያወጣል፣ ሕዝቡ እያንዳንዱ በራሱ ፍጥነት ይቀበለዋል። ኦርጋን እንኳ የገባው በ1860ዎቹ፣ ከብርቱ ክርክር በኋላ ነው። ባግፓይፕማ የሠርግና የጭፈራ ዕቃ ነበር፤ በሰንበት ነፍተሃል ተብሎ በቤተ ክርስቲያን ሸንጎ የተቀጣ ነፊ በየአጥቢያው መዝገብ አለ። ስለዚህ መዝሙርን ከባግፓይፕ ያስታረቀው፣ በእኔ ግምት፣ ቤተ ክርስቲያን ሳትሆን ሠራዊቱ ነው። ወታደር ይጸልያል፣ ወታደር ጓዱን ይቀብራል፤ በሜዳ ላይ ኦርጋን የለም፣ ነፊ ግን አለ።

የዚያ ሠራዊት መንገድ በእኛም ምድር አልፏል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲሞቱ፣ በብሪታንያው ጄኔራል በናፒየር ሥር ከዘመቱት ክፍሎች መካከል የእንግሊዝ ሦስተኛ ድራጉን ጋርድስ ፈረሰኞችና ካሜሮኒያንስ የተባለው የስኮትላንድ ሃያ ስድስተኛ እግረኛ ሬጅመንት ነበሩበት። ለሁለቱም አቢሲኒያ የሚለው ቃል ከዘመቻ ክብሮቻቸው ተርታ ተጻፈላቸው። የድራጉን ጋርድሶቹን ስም አንባቢ ለጊዜው በልቡ ይያዝልኝ። ከመቅደላ ከተዘረፉት ንዋያት መካከል አንድ ታቦት ኤደንብራ በሚገኝ ቅዱስ ዮሐንስ በተባለ የኤጲስቆጶሳውያን ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ኖረ፤ የደብሩ ካህን አግኝተውት በ2002 ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ።

መሣሪያው ራሱም በዚያው ዘመን ሰውነቱን ቀየረ። የድሮ ሠሪዎች በአገራቸው እንጨት ይሠሩ ነበር። ግዛቱ ሲሰፋ ከካሪቢያን ደሴቶች የሚመጣ ኮከስ የተባለ እንጨት፣ ኋላም የአፍሪካው ጥቁር እንጨት ቦታውን ያዘ፤ ቀለበቶቹ ከዝሆን ጥርስ ይሠሩ ነበር። ሳይንቲስቶች ዳልበርጂያ ሜላኖክሲሎን የሚሉት ይህ ዛፍ ከእኛ ምዕራባዊ ቆላ ጀምሮ እስከ ደቡብ አፍሪካ ይበቅላል፤ ለመሣሪያ የሚቆረጠው በአብዛኛው ታንዛኒያና ሞዛምቢክ ነው። የስኮትላንድ ነፍስ የሚባለው ድምፅ የሚያልፈው በአፍሪካ እንጨት ውስጥ ነው።

ሃያኛው ክፍለ ዘመን ነፊውን ጀግና አደረገው። መስከረም 25 ቀን 1915 በሎስ ጦርነት ዳንኤል ሌድሎ መርዝ ጋዝ በሚያንዣብብበት ምሽግ ላይ ቆሞ እየነፋ ጓዶቹን አስነሣ፤ ቪክቶሪያ ክሮስ ተሸለመ። ሰኔ 6 ቀን 1944 ቢል ሚሊን በኖርማንዲ ባሕር ዳርቻ እየነፋ ተመላለሰ። በ1941 መጀመሪያ ለእኛ ነፃነት መንገድ በከፈተው የከረን ውጊያም የካሜሮን ሃይላንደርስ ሁለተኛ ሻለቃ ነበረበት፤ በብዙ ደም የያዙት ሸንተረር በጦር ታሪክ ካሜሮን ሪጅ ተብሎ ቀረ። ይህ ሁሉ ግን የጦርነት ነፊ ታሪክ ነው። መዝሙር የለበትም።

በ1963ም አልነበረም። የብላክ ዋች ሬጅመንት ነፊዎች ኅዳር 13 ቀን በዋይት ሐውስ ሣር ላይ ለፕሬዚዳንት ኬኔዲና ለቤተሰባቸው ተጫውተው ነበር። በ12ኛው ቀን ዘጠኙ ነፊዎች በዚያው ግቢ ተመልሰው ቆሙ፤ የፕሬዚዳንቱን አስከሬን አጅበው ወደ ቅዱስ ማቴዎስ ካቴድራል ሊሄዱ። ከኋላ በእግራቸው ከሚጓዙት መሪዎች መካከል ከፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ደጎል ጋር የፊተኛው ረድፍ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። ጥቅምት ላይ በይፋ ጉብኝት ከኬኔዲ ጋር የተቀመጡት ንጉሠ ነገሥት በኅዳር በባግፓይፕ ድምፅ ታጅበው ሸኟቸው። ፊልሙን ያየ ሰው ልብ ይበል፤ ብላክ ዋቾች በዚያ መንገድ የነፉት የሬጅመንት የሰልፍ ዜማዎችን ነው። ዛሬ ቢሆን አንድም ሰው አሜዚንግ ግሬስን ሳይጠብቅ አይቀርም ነበር። በዚያ ቀን ማንም አልጠበቀም።

ከዚያ 1971 መጣ። የብሪታንያ ሠራዊት ሲጠብ ከ1678 ጀምሮ የኖረው የሮያል ስኮትስ ግሬይስ ፈረሰኛ ሬጅመንት ከሌላ ሬጅመንት ጋር እንዲዋሐድ ተወሰነ። ሁለተኛው ሬጅመንት ሦስተኛ ካራቢኒየርስ ነበር። ካራቢኒየርስ በ1922 ሲመሠረት ከወላጆቹ አንዱ ያ መቅደላ የዘመተው ሦስተኛ ድራጉን ጋርድስ ነው። ከውሕደቱ የተወለደው ሮያል ስኮትስ ድራጉን ጋርድስ ይባላል፤ አቢሲኒያ የሚለውን የዘመቻ ክብርም ወርሷል። ባንዱ ለግሬይሶች መሰናበቻ የሚሆን አልበም ሲቀዳ በመካከል አሜዚንግ ግሬስን አስገባ። አንድ ነፊ ብቻውን ይጀምራል፤ ሌሎቹ ይከተላሉ፤ የነሐስ ባንዱ ከሥር ይገባል። ቀደም ሲል በ1970 ጁዲ ኮሊንስ ያለ መሣሪያ ዘምራው ሕዝቡን አለማምዳው ነበር። በሚያዝያ 1972 የስኮትላንዶቹ ቅጂ የብሪታንያን የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆኖ ለአምስት ሳምንት ያዘው። የፖፕ ዘፋኞች ሁሉ ከወታደር ባንድ ሥር ቆሙ። የነባሩ ትምህርት ሰዎች ቅር ተሰኙ፤ ባግፓይፕና የነሐስ ባንድ፣ ያውም በመዝሙር፣ ምን ያገናኛቸዋል ብለው። አልተሳሳቱም ይሆናል፤ ግን ማንም አልሰማቸውም።

እንግዲህ ጥንታዊ የመሰለን ነገር አመጣጡ ይህ ነው። የእንግሊዝ የባሪያ መርከብ አለቃ ቃል፣ ደራሲው ያልታወቀ የአሜሪካ ደቡብ ዜማ፣ የተሸነፈ ሕዝብ ስልቻ፣ የአፍሪካ እንጨት፣ የሚፈርስ ሬጅመንት ለቅሶ። ቅርሶች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት እንዲህ ነው፤ ንጹሕ ምንጭ ፈልጎ የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ሃይላንድ ካቴድራል የተባለውንም ዜማ ስንት ሰው ከኩሎደን ዘመን የተረፈ አድርጎ ያለቅስበታል? በ1982 ኡልሪኽ ሮቨርና ሚካኤል ኮርብ የተባሉ ጀርመናውያን ናቸው የደረሱት። ጀርመን አገር ለተዘጋጀ የደጋ ጨዋታ በዓል ነበር።

ከ1972 በኋላ መዝሙሩ ወደ ቀብር ቦታ ገባና አልወጣም። በአሜሪካ መንገዱን የጠረጉለት የፖሊስና የእሳት አደጋ ሠራተኞች ናቸው፤ አብዛኞቹ መሥራቾቻቸው የአየርላንድ ስደተኛ ልጆች ስለነበሩ ባግፓይፕን የሙያቸው ሙሾ አድርገውታል። የኒው ዮርክ እሳት አደጋ ኤመራልድ ማኅበር የባግፓይፕ ባንድ የተመሠረተው በ1962 ነው። መስከረም 11 ቀን 2001 የከተማዋ 343 የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ፤ ያ ባንድ ከአንዱ ቀብር ወደ ሌላው እየሄደ ለወራት ነፋ። ዋሽንግተንና አካባቢው የሚኖር ወገናችን በየግንቦቱ የፖሊስ ሳምንት ሲደርስ ይህን ድምፅ ያውቀዋል፤ ታክሲ እየነዳም ቢሆን ራዲዮውን ዝቅ የሚያደርግ አይጠፋም።

ለምን በባግፓይፕ ሲሆን እንዲህ ይበረታል? ስለ ድምፁ ተናግሬያለሁ። ሌላው ምክንያት ቃል አለመኖሩ ይመስለኛል። መዝሙር በቃል ሲዘመር አማኝና ኢአማኝን ይለያል፤ ካቶሊክ፣ ፕሮቴስታንት፣ ሙስሊም፣ ምንም የማያምንም ሰው በአንድ መቃብር ዙሪያ ሲቆም አንዱ ይዘምራል፣ ሌላው ዝም ይላል። ባግፓይፕ ቃሉን ያወልቀዋል፤ ሁሉም እኩል ያዳምጣል። አልቃሽ የሌለው ዘመናዊ ቀብር ላይ ነፊው በአልቃሽ ቦታ ይቆማል። ለሐዘንተኛው ይነፋለታል እንጂ አብሮት አይሰበርም፤ መሣሪያው ድምፁን ዝቅ ማድረግ እንኳ አይችልምና።

የምናጣውም ከዚያው ላይ ነው። የመዝሙሩ ቃል ኑዛዜ ነበር፤ ተናጋሪው ራሱን ይከሳል። ቃሉ ሲወልቅ ክሱም ይወልቃል፣ መጽናናቱ ብቻ ይቀራል። ሬጅመንቶች፣ መንግሥታት፣ ፖሊስ ሠራዊት ያለ አንዳች ኑዛዜ የኑዛዜን ዜማ ማስነፋት ቻሉ። ይህን የምለው ለመንቀፍ አይደለም፤ ሐዘንተኛ በቀብር ቀን ታሪክ ይማር ማለት ጭካኔ ነው። ግን ሰኔ 26 ቀን 2015 በቻርልስተን የሆነውን አስታውሳለሁ። በኢማኑኤል የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ዘጠኝ ሰዎች ለመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት በተሰበሰቡበት ተገድለው ነበር፤ በፓስተሩ ሽኝት ላይ ፕሬዚዳንት ኦባማ ንግግራቸውን አቋርጠው ይህንኑ መዝሙር በቃሉ አነሡት። ባግፓይፕ አልነበረም። በባሪያ ንግድ በኖረች የወደብ ከተማ ውስጥ ቃሉ ወደ ባለቤቶቹ ጉሮሮ ተመለሰ፤ የኒውተን አርባ ዓመትም አብሮ የተመለሰ መሰለኝ።

መስከረም 19 ቀን 2022 ንግሥት ኤልሳቤጥ ሲቀበሩ በዌስትሚንስተር አቢ ሕዝቡ የዳዊትን 23ኛ መዝሙር ክሪመንድ በተባለው የስኮትላንድ ዜማ ዘመረ፤ ነፊው ግን በመጨረሻ የነፋው መዝሙር ሳይሆን የቆየ የባግፓይፕ ዜማ ነው፣ እየነፋም እየራቀ ሄደ። ከሰዓት በኋላ በዊንዘር ሳጥኑ ሲወርድም ነፊ ነበር። በዚያው በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት አጠገብ ከ1879 ጀምሮ ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ አርፏል። አፅሙ ይመለስልን የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ቀርቧል፤ በ2023ም ቤተ መንግሥቱ የሌሎችን ዕረፍት ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም ብሎ መለሰ። በዚያ ግቢ የሚነፋ ሙሾ ሁሉ፣ ለእርሱ ባይታሰብም፣ በእርሱም ላይ ያልፋል።

ወደ ፊትስ? ባግፓይፕ ከስኮትላንድ እጅ ከወጣ ቆይቷል። በዓለም ከሚሸጠው ብዙው የሚሠራው ፓኪስታን ውስጥ ሲያልኮት ከተማ ነው። የኦማን ጦር ነፊዎች አሉት፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሐባን የሚባል የራሳቸው የስልቻ መሣሪያም ስላላቸው እዚያ የሚሠሩ ወገኖቻችን ድምፁን ለመስማት ኤደንብራ መሄድ አያስፈልጋቸውም። በግላስጎው ብሔራዊ የባግፓይፕ ማዕከል ከ1996 ጀምሮ ያስተምራል። ነባር ነፊዎች አሜዚንግ ግሬስ ሰለቸን ይላሉ፤ ለቀብር የሚጠራቸው ቤተሰብ ግን ሌላ አይጠይቅም። የጫካው አበቦች በልማድ የተጠበቀለት ክብር ለዚህ መዝሙር አልተሰጠውም፤ በሠርግም፣ በስታዲየምም፣ ለቱሪስትም ይነፋል። እኔን ብትጠይቁኝ ጥቂት ዝምታ ቢሰጡት ይሻለው ነበር።

እንጨቱም እያነሰ ነው። የዳልበርጂያ ዝርያዎች ንግድ ከ2017 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ገብቷል፤ ለተጠናቀቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች ኋላ ቢላላም። የዝሆን ጥርሱ ቀርቷል፤ ርካሹ ባግፓይፕ ከፕላስቲክ ይሠራል። በታንዛኒያ ችግኙን የሚተክሉ ሰዎች አሉ፤ ዛፉ ለመሣሪያ እስኪደርስ ግን ሰባ ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። በዘንድሮ ችግኝ የሚነፋው ሰው ገና አልተወለደም ማለት ነው። በዚያን ጊዜ በቀብር ላይ የትኛው መዝሙር እንደሚጠየቅ ከአሁኑ መገመት ያዳግታል። ከኬኔዲ ሬሳ ፊት የሰልፍ ዜማ እየነፉ የሄዱት ዘጠኝ ሰዎችም አልገመቱም።